«አብሽር፣ ፎቶው ይወጣል» ሲሏችሁ፦ ውሃ የገባበት ስልክ ያለው ሁሉ ከመዋዋሉ በፊት ያንብበው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ውሃ የገባበት ስልክ ይዞ ሞባይል ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «አብሽር፣ ነገ መጥተህ ውሰድ።» በማግስቱ ስልኩ በርቶ ይቆየዋል። ሲነካው ግን ቋንቋ ምረጥ፣ ጂሜይል አስገባ ይላል። የልጁ ክርስትና፣ የእህቱ ኒካህ፣ የሟች እናቱ ፎቶ የለም። ጠጋኙ «ስልኩ ሠርቷል አይደል?» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል። ዋሸ ለማለትም ያስቸግራል፤ የተነጋገሩት ስለ ስልኩ እንጂ ስለ ፎቶው አልነበረምና።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስልክ መጠገን አንድ ሥራ ነው፣ ፎቶ ማውጣት ሌላ። ስልክን ቶሎ ለማስነሳት የሚያገለግሉት ሁለቱ አቋራጮች፣ ማለትም ፍላሽ ማድረግ (የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን) እና ቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የተበየዱበትን ዋና ሰሌዳ) መቀየር፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ላይመለስ ያጠፉታል።

ፎቶው ያለው ቦርዱ ላይ በተበየደው የማከማቻ አይሲ (ቺፕ) ውስጥ ነው። የዛሬ ስልኮች እዚያ የሚጽፉትን ሁሉ ቆልፈው ነው የሚጽፉት፤ መክፈቻው ደግሞ የስልኩ አንጎል ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) ተጭኖባቸው ለገበያ የወጡ ስልኮች ሁሉ ይህ ግዴታ አለባቸው፤ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮም ጠንካራ አቅም ያላቸው ስልኮች ተቆልፈው ነው የመጡት። አይፎን ከዚያም ቀድሟል። ስለዚህ «አይሲውን ነቅዬ በማሽን አነበዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ስልካችሁ በጣም አሮጌ ካልሆነ በቀር፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ቁልፉን ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንደመጣል ነው። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ማከማቻ፣ ያው የስክሪን መክፈቻ ኮድ፤ ሦስቱም ካልተገናኙ ፎቶ የለም።

ፍላሽ ሲደረግ ብዙውን ጊዜ የተጠቃሚው ክፍል ከነመክፈቻው ይደመሰሳል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የትኛውም «ሪከቨሪ» ፕሮግራም ምንም አያመጣም። «ዳታው ሳይጠፋ ፍላሽ አደርገዋለሁ» የሚልም ይኖራል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ይቻላል። ግን ውሃ ያበላሸው ሶፍትዌሩን ሳይሆን ቦርዱን ሆኖ ሳለ ፍላሹ ለምን አስፈለገ? ይህን ጠይቁት፣ መልሱንም በጥሞና ስሙ።

የቦርድ ቅየራው ይብሳል፣ ምክንያቱም አይታይም። ስክሪኑ የእናንተ፣ ጀርባው የእናንተ፣ ጭረቱ ሳይቀር የእናንተ፤ ውስጡ ግን የሌላ ሰው ስልክ ነው። የእናንተ ቦርድ ደግሞ እዚያው ቀርቶ ለመለዋወጫ ይውላል። ማጣሪያው አይኤምኢአይ (IMEI) የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ነው። ከካርቶኑ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፤ ስልኩን ስትረከቡ *#06# ደውላችሁ አስተያዩት። ካርቶኑ ከጠፋ፣ ስልኩ ላይ የነበረውን ጂሜይል በሌላ ስልክ ከፍታችሁ የጉግል የስልክ ማፈላለጊያው ውስጥ ቁጥሩን ታገኙታላችሁ።

ሞባይል ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ያለው ሰዓት ከሁሉም በላይ ይወስናል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ኪስ ውስጥ የራሰም ይሁን፣ በጥምቀት ጠበል የተረጨ፣ ወይም ሐይቅ ዳር ሲቀርጹበት የወደቀ፣ ቦርዱን የሚበላው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ስልኩ ቢጠፋም ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ ኃይል ይሄዳል፣ መዳቡም ይበላል። እናም ቻርጅ አትሰኩ፣ «እስኪ ይነሳ እንደሆን» ብላችሁም አታብሩት። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ የማይወጣ ከሆነ በዚያው ቀን አስከፍታችሁ አስነቅሉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የሩዝ ቅንጣት ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ጤፍ ደግሞ ጭራሽ ቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ይሰገሰጋል። ፀሐይ ላይ ማስጣትና በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ይቅር። ቡና፣ ሻይ ወይም ለስላሳ ከፈሰሰበት ይበልጥ ፍጠኑ፤ ስኳሩና ጨው ነክ ነገሩ ደርቆም መሥራቱን አይተውም።

ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ ያዙ። ሲሙ የቴሌብርና የባንክ አካውንታችሁ በር ስለሆነ ከስልኩ ጋር አይሰጥም። ሚሞሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የነገሩ መፍትሔ ራሱ ነው፦ በቴክኖና በአይቴል ስልኮች ካሜራው ሚሞሪ ላይ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ከነበረ ፎቶው እዚያ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አልተቆለፈም። ጠርጋችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ በካርድ ሪደር ክፈቱት። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ። ቀጥሎ በሌላ ስልክ የራሳችሁን ጂሜይል ከፍታችሁ ጉግል ፎቶን እዩ። ፎቶው ሳያውቁት እዚያ ሲጫንላቸው የኖሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ለጠጋኝ ከመክፈል በፊት ይህ ይቅደም።

አንድ ሌላ ነገር፦ «ሞተ» የተባለው ስልክ ስክሪኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲሙ ለጊዜው ተመልሶ ሲደወልበት ከጠራ ወይም ከነዘረ፣ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ድምፅ ካሰማ፣ ቦርዱ ሕያው ነው። ያኔ ሥራው ደህና ስክሪን ለጊዜው ሰክቶ፣ ኮዱን አስገብቶ መገልበጥ ብቻ ነው። ስክሪኑ እያሳየ ጣት አልሰማ ካለ በኦቲጂ ገመድ (ዩኤስቢ ዕቃ ከስልክ ጋር በሚያገናኝ አጭር ገመድ) ተራ የኮምፒውተር ማውዝ ሰክታችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ይህን የመሰለውን ቀላል ሥራ በቦርድ ጥገና ሂሳብ የሚያስከፍሉ አሉ። (ይህ ሁሉ ቼክ የሚደረገው ስልኩ ከተከፈተና ከደረቀ በኋላ ነው፣ እንደራሰ አይደለም።)

ቦርዱ በርግጥ ከተጎዳ ትክክለኛው ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል፤ ቆማችሁ ስታዩ ትለያላችሁ። ባትሪው ተነቅሎ ቦርዱ ከስልኩ ይወጣል። አይሲዎቹን የሸፈነው ቆርቆሮ ይነሳል፣ ውሃው ታቁሮ የሚቀረው እሱ ሥር ነውና። ከዚያ በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። 70 ፐርሰንቱ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ቲነርም ፕላስቲክ ይበላል። ሲደርቅ ባትሪው ሳይገጠም ከፓወር ሰፕላይ 4 ቮልት ገደማ ተሰጥቶ የሚስበው አምፔር ይታያል። የማብሪያው ቁልፍ ሳይነካ ከሳበ ዋናው መስመር ላይ ሾርት (ኤሌክትሪኩ ያለ መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ) አለ። ቁልፉ ተነክቶ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ እያለ ከወጣ እየተነሳ ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ደርቆ ከቀረ አልተነሳም። ሾርት ያደረገው ብዙ ጊዜ ካፓሲተር የምትባል አንዲት ትንሽ የቦርድ ዕቃ ናት፤ የትኛዋ እንደምትሞቅ ተፈልጋ ትነሳለች። አንዳንዷ ባትተካም ስልኩ ፎቶ ለመገልበጥ ያህል ይሠራል፣ የሚፈለገውም ያ ብቻ ነው።

ሳይለካ፣ ሳያጥብ በቀጥታ ብሎወር (የሙቅ አየር መንፊያ) አንስቶ ፕሮሰሰሩን ማሞቅ የጀመረ ጠጋኝ ካያችሁ አስቁሙት። በብዙ ስልኮች ራሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ተደራርቦ የተበየደ ነው፤ ሙቀት ከበዛበት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መክፈቻው ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

ስልኩ እንደተነሳ ለሰዓታትም ላይቆይ ይችላል። «ወደ ቤት ወስጄ ቀስ ብዬ እገለብጣለሁ» አይባልም። እዚያው በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኝ፣ ፋይል ማስተላለፊያው ይመረጥ፣ መጀመሪያ የካሜራው ፎቶ የሚቀመጥበት «ዲሲአይኤም» (DCIM) የሚለው ፎልደር ይገልበጥ፤ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፎልደሮች ከዚያ ቀጥሎ። ኮዱን ጽፋችሁ አትስጡ፣ በራሳችሁ እጅ አስገቡት። ግልባጩ በእናንተ ፍላሽ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ተከፍተው ካያችኋቸው በኋላ በሱቁ ላፕቶፕ ላይ የቀረውን አስጠፉ። የቤተሰብ ፎቶ በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ መተው የሚያመጣው መዘዝ የታወቀ ነው።

ስለ ውሉ። ስትሰጡ በወረቀት ይጻፍ፦ የስልኩ ሞዴል፣ አይኤምኢአይ፣ «የሚፈለገው ፎቶው ነው፣ ፍላሽ አይደረግም፣ ሪሴት አይደረግም፣ ቦርድ አይቀየርም፣ ካልተሳካ ቦርዱ ከነሙሉ ዕቃው ይመለሳል» የሚል፣ የመመርመሪያው ዋጋና ፎቶው ሲገኝ የሚከፈለው ለየብቻ፣ ከዚያ ፊርማ። ሙሉ ሂሳብ በቅድሚያ የሚጠይቅ ላይ አትቆዩ፤ ለመመርመሪያ መክፈል ግን ተገቢ ነው፣ ሰውየው ሰዓቱን ያጠፋልና። ወረቀቱን አልፈርምም ያለ ጠጋኝ የምትፈልጉትን መልስ ሰጥቷችኋል። «አዲስ አበባ ይላካል» ከተባለ ወዴትና ለማን እንደሆነ ይጻፍ፤ የቦርዱ ፎቶም በፊትና በጀርባ ይነሳ። ከተቻለ እንዲያውም ራሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ወረቀቱና ደረሰኙ ካላችሁ አቤቱታው ለከተማችሁ ንግድና ገበያ ልማት ይቀርባል፤ ያለ ወረቀት ግን «አላልኩም» «ብለሃል» ሆኖ ይቀራል።

ስልካችሁ ቀድሞ ፍላሽ ተደርጎ ከሆነ ለሁለተኛ ሱቅ አትክፈሉ። ቴሌግራም ላይ የላካችኋቸው ፎቶዎች ሰርቨሩ ላይ ስላሉ በዚያው ቁጥር ስትገቡ ይመለሳሉ፤ ሚስጥራዊ ቻት ውስጥ የነበሩት ግን አይመለሱም። የቀረውን ከተቀባዮቹ ጠይቁ፣ ሲልኩላችሁም እንደ ፋይል ይላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ እንደገና ይቀንሳል።