ፎርጄዮን ለወራት ተጠቅመን፦ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት በራስ ሰርቨር ላይ

ፎቶዎችን በተነሱበት ቀን የሚያደራጅ አነስ ያለ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አለን። ኮዱን በመደበኛነት የምንጽፈው ጥቂት ሰዎች ነን። ስህተት የሚጠቁሙንና አልፎ አልፎ ማስተካከያ የሚልኩልን ግን ብዙ ናቸው። ከወራት በፊት ፕሮጀክቱን ከትልቅ የኮድ ማስቀመጫ አውጥተን በተከራየነው ሰርቨር ላይ ፎርጄዮ የተባለውን የኮድ ማስተናገጃ ፕሮግራም ተክለናል። አሁን ስለሱ የምናገረው አለኝ።

ስለ ቨርዥን ኮንትሮሉ፣ ማለትም የኮዱን ለውጦች ታሪክ ስለሚይዘው መሣሪያ፣ ብዙም አልተከራከርንም። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት (ከርነል) ሲል ሠራው፤ ዛሬ ኮድ መላክ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። መርኩሪያል የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያም ጥሩ ነው፣ ትዕዛዞቹም ለጀማሪ ይቀላሉ። ግን ቢትባኬት የተባለው የኮድ ማስቀመጫ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ለመርኩሪያል የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። አዲስ ሰው መሳብ ለሚፈልግ ፕሮጀክት ጊትን መምረጥ ይሻላል።

የሚያስጨንቀው ኮዱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፕሮጀክቱን በጊት ክሎን ያደረገ (ወደ ራሱ ማሽን የገለበጠ) ሰው ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩ ቢቃጠል ኮዱ አይጠፋም፣ ከማንኛችንም ላፕቶፕ ይመለሳል። ኢሹዎቹ (የስህተት ጥቆማዎቹ)፣ በፑል ሪኩዌስት (አንድ ሰው ለውጡ ወደ ኮዱ እንዲገባ በሚያቀርበው ጥያቄ) ላይ የተደረገው ክርክር፣ «ይሄን ለምን እንዲህ ሠራችሁት?» ለሚለው የተሰጠው መልስ ግን ጊት ውስጥ የሉም። ያሉት በአስተናጋጁ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የጉግል የኮድ ማስቀመጫ የነበረው ጉግል ኮድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ሲዘጋ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ማሸጋገር ነበረባቸው። ስለዚህ ስንመርጥ ዋናው ጥያቄያችን «ነገ መውጣት ብንፈልግ ምን ይዘን እንወጣለን?» የሚል ነበር። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

ፎርጄዮ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው። የጊቲ (ፎርጄዮ የተቀዳበት ፕሮግራም) ስምና ዶሜይን ለትርፍ ወደተቋቋመ ኩባንያ ሲዛወር ቅር የተሰኙ ገንቢዎች ኮዱን ይዘው ተለዩ። ጥላ የሆናቸው በርሊን ያለው ኮድበርግ የተባለ ለትርፍ ያልተቆመ ማኅበር ነው። ፕሮግራሙ ጎ (Go) በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፋይል ነው፤ ለእኛ ዓይነት ፕሮጀክት ኤስኪውላይት የተባለው ቀላል ዳታቤዝ ይበቃዋል። ጊትላብ የተባለውን ሌላ የኮድ ማስተናገጃም በራስ ሰርቨር መትከል ይቻላል፣ ግን ብዙ ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። በትንሽ ሰርቨር ላይ አይታሰብም።

ዝውውሩ ቀላል ነበር። የድሮውን ሪፖ (የኮድ ማኅደር) አድራሻና የመግቢያ ቶክን (ቁልፍ) ትሰጡታላችሁ፣ ምን ምን ይምጣ እንደምትሉ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። በጣም ደስ ያለኝ የኢሹ ቁጥሮቹ አለመለወጣቸው ነው። ከዓመታት በፊት ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ላይ የጻፍነው የኢሹ ቁጥር አሁንም ትክክለኛውን ውይይት ይከፍታል። የአስተያየት ሰጪዎቹ ስም በጽሑፍ ይመጣል እንጂ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ካለ አካውንት ጋር አይያያዝም። ለእኛ ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ሰርቨሩን ቀጥ ያደረጉት ድረ ገጾችን በራሳቸው እየዞሩ የሚሰበስቡ ቦቶች ናቸው። አንድ ሪፖ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ኮሚት፣ እያንዳንዱ ልዩነት፣ የእያንዳንዱ ፋይል ታሪክ ግን የየራሱ ገጽ አለው። ቦቶቹ ሁሉንም አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በየኮሚቱ ያለውን የዚፕ ማውረጃ መንካታቸው ነው። ፎርጄዮ በተጠየቀ ቁጥር ዚፑን ሠርቶ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ዲስኩም ይሞላል። የዚፕ ማውረጃውን በማዋቀሪያው አጠፋነው፣ ኢንጂንኤክስ በተባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ላይም የጥያቄ ገደብ አስቀመጥን። ከዚያ በኋላ ተረጋጋ። ራሳችሁ የምታስተናግዱ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ኮዱ ሲለወጥ በራሱ የሚሮጠው አውቶማቲክ ፍተሻ ላይ ነው የጎደለብን። ይህን ፍተሻ የሚያስኬደው የፎርጄዮ አክሽንስ አጻጻፍ ከትልቁ የኮድ ማስቀመጫ ከጊትሃብ ጋር ይቀራረባል፣ የድሮ ፋይሎቻችንን በትንሽ ማስተካከያ አስኬድናቸው። ማስኬጃ ማሽኑን ግን ራሳችሁ ታመጣላችሁ። ጊትሃብ ለክፍት ፕሮጀክቶች ዊንዶውስና ማክ ማሽን በነጻ ይሰጣል፤ እኛ ዛሬ አዲስ እትም ከማውጣታችን በፊት በማክ ላይ በእጃችን እንፈትሻለን። ማስኬጃውን ደግሞ ከዋናው ሰርቨር ለይታችሁ አስቀምጡት። የማታውቁት ሰው የላከው ኮድ ነው እዚያ የሚሮጠው።

ሰዎችስ ጠፉ ወይ? የፊደል ግድፈት የሚያርሙልን ቀንሰዋል። ለአንድ መስመር ሲል አዲስ አካውንት የሚከፍት ጥቂት ነው፣ አልፈርድባቸውም። ጠለቅ ያለ ሥራ የሚልኩት ግን አብረውን መጥተዋል። አንዳንዶቹ ፎርክ ሳያደርጉ (የራሳቸውን ቅጂ ሳይከፍቱ) በቀጥታ በፑሽ (ኮድ መላኪያ) ትዕዛዝ ፑል ሪኩዌስት የሚከፍተውን ኤጊት የተባለ መንገድ ወደውታል። ለቀሩት ጊትሃብ ላይ ራሱን የሚያድስ ሚረር (ቅጂ) አለን፣ በኢሜይል የመጣ ፓችም (የለውጥ ፋይል) እንቀበላለን።

ሰርቨር መጠበቅ ለማትፈልጉ ብቸኛ ገንቢዎች ኮድበርግን እመክራለሁ፤ የሚሠራው በዚሁ ፎርጄዮ ነው፣ ነጻ ፈቃድ ላላቸው ፕሮጀክቶችም ክፍያ አይጠይቅም። ፕሮጀክታችሁ ገና ሰው ፍለጋ ላይ ከሆነና በየቀኑ በሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም መፈተሽ ካለበት ግን ጊትሃብ ላይ ብትቆዩ አይከፋም።

እኛ እዚሁ ነን። ፎርጄዮ በየሦስት ወሩ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፤ እኛ የምንጠቀመው ከአንድ ዓመት በላይ ጥገና የሚደረግለትን የረጅም ጊዜ እትም ነው። ባክአፑን በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ እንልካለን። በየጊዜው ደግሞ ባዶ ማሽን ላይ እንዘረጋውና ኢሹዎቹ ከነአስተያየታቸው፣ ፑል ሪኩዌስቶቹ ከነክርክራቸው መመለሳቸውን እናያለን።