ለደብረ ሲናዋ የኮፒ ቤት እህታችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ደብረ ሲና ላይ ታይፕ የምታስደርጉ፣ ኮፒ የምታስደርጉ፣ መጽሐፍ የምታስጠርዙ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለች። በሯ ላይ በጀሪካን የተተከሉ ሁለት አበቦች አሉ፤ በእነሱ ትለዩዋታላችሁ። ባለቤቷ «ስሜን እንዳይጽፉት» ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ አልጽፈውም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ ወደ ወፍ ዋሻ ደን እወስዳለሁ። ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን አይተው ሲጨርሱ ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ ሌላ ነገር ነው። ግንዱን እንደ ጋቢ ስለሸፈነው አረንጓዴ ነገርና ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም ስለሚንጠለጠለው። አረንጓዴው ሞስ ነው። እውነተኛ ሥር የለውም፤ የጉሙን ርጥበት በቅጠሉ ይጠጣል። ግራጫው ሊከን ነው፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ጎጆ ወጥተው የሚኖሩበት። እናቴ «የዛፍ ሽበት» ትለው ነበር።

አምና አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄን ብሎ የሚያጠና ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። አለ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለዚህ የሰጡ ሴቶችም አሉበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እነዚህ ሴቶች ያገኘሁትን ማሰባሰብ ያዝኩ። የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ በእጄ ጻፍኩ። የጥናት ጽሑፎቻቸውንም ዝርዝር አዘጋጀሁ። ሲጠቃለል 112 ገጽ ሆነ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ከተማ ያለ ቤት ነበር። ዘጠኝ ገጽ ጠፋ። የቀረውም ተዘበራረቀ። ብጠይቅ «ያመጡት እንደዚሁ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ታርማበርን በጉም ውስጥ ስወርድ በእውነት ሆድ ብሶኝ ነበር።

የጠፋውን መልሼ ጽፌ ወደዚች እህታችን ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አልወረወረችውም። ፊቴ አንድ በአንድ ቆጠረችው። በእርሳስ ቁጥር ሰጠችው። «በአራት ቀን ይምጡ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይቺ ኤልሳቤጥ ናይት የት ገባች?»

ዝርዝሩን ስትጽፍ ነው ያስተዋለችው። ኤልሳቤጥ ናይት የምትባል ሴት በ1883 ስለ ሞስ ጽፋለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1885 በኋላ ግን ስሟ የለም። በምትኩ ኤልሳቤጥ ብሪተን የምትባል መጣች። ያው ሞስ፣ ያው ኒው ዮርክ። እኔ ሁለት ሰው አድርጌ ጽፌያቸው ነበር።

አንድ ሰው ናት። በ1885 ናትናኤል ብሪተን የሚባል ምሁር አገባችና በባሏ ስም መጠራት ጀመረች። እኛ ጋ ሴት ብትዳርም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል። እናቴ እስክትሞት የተጠራችው በአያቴ ስም ነው። ለዚህ ይመስለኛል ነገሩ ያመለጠኝ። እህታችን ግን ሁለቱን ዝርዝር አንድ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ሴትዮዋ ለሁለት ተቆርጣ እንዳትቀር ብዬ ነው» አለችኝ።

ይህቺን ሴት ለሁለት መቁረጥ ከባድ በደል ይሆን ነበር። ኤልሳቤጥ ከ1858 እስከ 1934 የኖረች ናት። በ1888 እሷና ባሏ ለንደን የሚገኘውን የኪው የእጽዋት ማዕከል ጎበኙ። «ኒው ዮርክስ ለምን እንዲህ ያለ አይኖራትም?» የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣ፤ የኒው ዮርኩ ማዕከልም በ1891 ተመሠረተ። የሞስ ክምችቱን ለዓመታት ስትንከባከብ ደመወዝ አይከፈላትም ነበር። በ1898 የሞስ አጥኚዎች ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ እሷ ናት። ብራዮብሪቶኒያ የሚባል የሞስ ወገን እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

አኒ ሎሬን ስሚዝ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። አኒ የብሪቲሽ ሙዚየም የሊከን ባለሙያ ነበረች። ሙዚየሙ ሴት በቋሚነት ስለማይቀጥር ክፍያዋ ከተለየ ገንዘብ ይወጣ ነበር። «ሥራውን እየሠራች ሠራተኛ አይደለችም ማለት ነው?» አለች እህታችን፣ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ። አዎ፣ እንደዚያ ነው። በ1897 የልጆች መጽሐፍ ደራሲዋ የቢያትሪክስ ፖተር የፈንገስ ጥናት ለንደን በሚገኘው ሊኒየስ በሚባለው የተፈጥሮ አጥኚዎች ማኅበር ሲቀርብ ሴት መግባት ስለማይፈቀድላት ያቀረበላት ወንድ ነበር። አኒ ያንኑ ማኅበር ከተቀላቀሉት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። ስለ ሊከን የጻፈችው ትልቅ መጽሐፍ በ1921 ሲወጣ ዕድሜዋ ከ65 አልፎ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የምትሆነው ግን ኖርዌጂያዊቷ ሂልዱር ክሮግ ናት። ከእንግሊዛዊው ስዊንስኮው ጋር ሆና የምሥራቅ አፍሪካን ትላልቅ ሊከኖች አጥንታ በ1988 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ኡስኒያ የሚባለው ወገን፣ ማለትም የእናቴ «የዛፍ ሽበት»፣ እዚያ ውስጥ አለ። ይህን ስነግራት እህታችን ገጹ ላይ ለፎቶ የሚሆን ባዶ ቦታ ተወችልኝ። «የወፍ ዋሻውን አንስተው ይለጥፉበት» አለች።

ጥራዙን ልንገራችሁ። ስፓይራል በተማሪ እጅ ወር አይቆይም። እሷ በመርፌና በክር ሰፍታ፣ ካርቶኑን አቡጀዲ አልብሳ ሰጠችኝ። ሠላሳ ልጅ አገላብጦት አንድ ቅጠል አልረገፈም። በዚያ ላይ ከተረፈ ወረቀት ስልሳ ትንንሽ ፖስታ አጥፋልኛለች። የሞስ ናሙና የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ወረቀት ነው፤ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ለፖስታዎቹ አላስከፈለችኝም። ዋጋዋም ከሌላው አይበልጥም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቸኩሎ ለመጣ ሰው አትሆንም። ለነገ ጠዋት የሚፈለግ ማመልከቻ ከሆነ ትሠራለች፤ ረጅም ጽሑፍ ግን እያነበበች ነው የምትጽፈው፤ ቀን ይወስዳል። መብራት ሲጠፋም መጠበቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ያላችሁ፣ የዕድር መዝገብ የምታስጠርዙ፣ የአባታችሁን የእጅ ጽሑፍ በሣጥን ያስቀመጣችሁ፣ እሷ ጋ ውሰዱ። ያልገባትን ትጠይቃችኋለች። አትሰልቹባት፤ መልሱላት።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ያቺ ተማሪዬ ጥራዙን ቤቷ ወስዳዋለች። እስካሁን አልመለሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ሁለተኛ ቅጂ ላሠራ እመጣለሁ። የኡስኒያውን ፎቶ አንስቼዋለሁ።