ኮሞዶር 64ን ለወራት ከተጠቀምኩ በኋላ የምሰጠው ግምገማ

የልጅነቴ ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያገለገለ ነገር ግን የሚሠራ አንድ ማሽን ገዝቼ ላለፉት ወራት በየምሽቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ናፍቆት ከወጣልኝ በኋላ ምን እንደቀረ ነው እዚህ የምጽፈው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ለምስሉ ብላችሁ ከሆነ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) ይበቃችኋል። ለድምፁና ለጆይስቲኩ ፈጣን ምላሽ ከሆነ ግን እውነተኛውን ማሽን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1982 በ595 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ለቤት ኮምፒውተር ትልቅ ነገር ነበር። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው በ1 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ማብሪያውን ስትጫኑ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ቆይቶ ሰማያዊው ስክሪን 38911 ባይት ቤዚክ ለሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነጻ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ከዚያ ጠቋሚው እያብለጨለጨ ትእዛዝ ይጠብቃል። የሚዘመን ነገር የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። ፖክ (POKE) 53280,0 ብላችሁ ብትጽፉ የስክሪኑ ዳር ወዲያው ይጠቁራል። በልጅነቴ ኮምፒውተር እኔ ያልኩትን እንደሚሰማ ያሳየኝ ይህ አንድ መስመር ነበር፤ ዛሬም ስጽፈው ደስ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ ፕሮግራም የምናገኘው ከመጽሔት እየገለበጥን ነበር። ታላቅ እህቴ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እተይባለሁ። ገጾቹ በኮማ በተለያዩ ቁጥሮች የተሞሉ ነበሩ፤ ከእነዚያ አንዱ ከተሳሳተ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ከማስኬዳችን በፊት በካሴት ካልቀዳነው የከሰዓቱ ድካም ሁሉ ይጠፋል። አሁን እነዚያኑ ዓይነት ፕሮግራሞች በማስታወሻ ካርድ አግኝቼ እከፍታቸዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ምን ይሠሩ እንደነበር የገባኝም ገና አሁን፣ የማሽን ቋንቋ መማር ስጀምር ነው። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ በትዕግሥት የሚተይበው ነገር የፕሮሰሰሩ ትእዛዝ እንደነበረ ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምወደው እርሱን ነው። ሲድ የሚባለውን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያንስ ነው። ሰውየው የሙዚቃ መሣሪያ የመሥራት ፍላጎት እንደነበረው ከቺፑ ይታወቃል፦ ሦስት ድምፆች አሉት፣ እያንዳንዱ ድምፅ ሲነሣ፣ ሲወርድና ሲጠፋ የሚወስደውን ጊዜ፣ ሲጸናም የሚኖረውን ከፍታ ለየብቻ መወሰን ይቻላል፣ በዚያ ላይ እውነተኛ የአናሎግ ማጣሪያ ተጨምሮለታል። ሦስት ድምፅ ብቻ ስላለ አቀናባሪዎቹ አንዱን ድምፅ በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ከኖታ ወደ ኖታ እያዘለሉ ጆሮ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን የሰማ እንዲመስለው ያደርጉ ነበር። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያብረቀርቅ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። 6581 በሚባለው የመጀመሪያው ቺፕ ላይ ያለው ማጣሪያ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ የእኔው ጎርናና ነው፣ ቤዙም ወፍራም። አንድን ዘፈን በኢሙሌተር ሰምቼ ወዲያው በማሽኑ ስሰማው ልዩነቱ ጎልቶ ይታወቀኛል። ኢሙሌተሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የአንድን የተለመደ ቺፕ ጠባይ ስለሚያሰማ እንጂ። የእኔ ማሽን የሚያሰማኝ ግን የራሱን ድምፅ ነው።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በኋለኞቹ ሞዴሎች ውስጥ ያለው 8580 የሚባለው ቺፕ ማጣሪያው የተስተካከለ፣ ድምፁም የጠራ ነው፤ ነገር ግን የድሮ ጨዋታዎች በድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በኩል የሚያሰሟቸው የተቀዱ ንግግሮችና ከበሮዎች በእርሱ ላይ እጅግ ደካማ ሆነው ነው የሚሰሙት። እኔ 6581ን እመርጣለሁ።

ጆይስቲኩ ሁለተኛው ምክንያቴ ነው። በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ጣታችሁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ምልክቱ በዩኤስቢ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተምና በስክሪኑ የምስል ማቀነባበሪያ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያዘገያል። በኮሞዶር ላይ ግን የጆይስቲኩ አምስት ሽቦዎች በቀጥታ ቺፕ ላይ ያርፋሉ። ፕሮግራሙ ያነባቸዋል፣ የድሮው ቱቦ ቴሌቪዥንም ምስሉን ሳያስቀምጥ እየመጣ ባለበት ፍጥነት ይስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ኢምፖሲብል ሚሽን በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ገጸ ባሕሪው በሮቦት ላይ ተገልብጦ ሲዘል ቁልፉን የምጫንበት ቅጽበት እጅግ ጠባብ ነው። በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስጫወት ዘወትር እሞት የነበረበትን ክፍል በቱቦ ቴሌቪዥን ያለ ጭንቀት አልፈዋለሁ። ስለዚህ ማሽኑን ገዝታችሁ በዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰኩት ከሆነ የከፈላችሁበትን ግማሹን ጥቅም ታጣላችሁ።

ምስሉ ደህና ነው። 16 ቀለማት፣ 320 በ200 ነጥቦች፣ በሃርድዌር የሚንቀሳቀሱ 8 ስፕራይቶች (እንደ ገጸ ባሕሪ ያሉ ትንንሽ ምስሎች)። ብርሃንና ቀለምን ለየብቻ የሚያወጣ ኬብል ተጠቀሙ፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ መጫን ፍጥነት ግን ብዙ የሚባል አለ። 1541 የሚባለው የፍሎፒ ዲስክ ማጫወቻ በሴኮንድ ከ300 እስከ 400 ባይት ብቻ ስለሚያስተላልፍ አንድ ትልቅ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ ገደማ ያስጠብቃል። የካሴቱ ደግሞ ከዚህም በእጅጉ ይዘገያል፤ መረጃው ለጥንቃቄ ሲባል ሁለት ጊዜ ስለሚቀዳ ነው። ዛሬ ማስታወሻ ካርድ የሚያነቡ ትንንሽ መሣሪያዎች በዲስኩ ፋንታ ይሰካሉ። ርካሾቹ ለብዙ ነገር ይበቃሉ፤ ሆኖም አንዳንድ ጨዋታ በእነርሱ ላይ አይከፈትም። ምክንያቱ የሚገርም ነው፦ 1541 የራሱ 6502 ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሚሞሪ ያለው ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። ብዙ ጨዋታዎች ለፍጥነት ሲሉ የራሳቸውን ፕሮግራም ወደ ዲስክ ማጫወቻው ልከው እዚያው ያስኬዱታል። ርካሹ መሣሪያ ያ ፕሮሰሰር ስለሌለው ዝም ይላል። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢልም የዲስክ ማጫወቻውን ፕሮሰሰር ጭምር የሚያስመስለውን ብትገዙ ይሻላል።

አሁን የማይታለፈው ጉዳይ። ኮሞዶር 64 የሚገዛ ሰው ከማብራቱ በፊት የኃይል ማቅረቢያውን ይመልከት። ከማሽኑ ጋር የመጣው የጥንቱ ሳጥን 9 ቮልት ኤሲና 5 ቮልት ዲሲ ይሰጣል። ሲያረጅ የ5 ቮልቱ መቆጣጠሪያ የሚበላሸው ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ስለሆነ ማሽኑ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ የሚሞሪ ቺፖቹን አቃጥሎ ነው የሚሄደው። አብዛኞቹ ሳጥኖች ውስጣቸው በደረቅ ሙጫ የተሞላ በመሆኑ ከፍቶ መጠገንም ይከብዳል። እኔ የጥንቱን ለመታሰቢያ አስቀምጬ በአዲስ የተሠራ ገዝቻለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ቮልቴጁ ሲጨምር የሚቆርጥ መከላከያ በመሃል ያስገባሉ። ሁለቱም ጥሩ ነው። በጥንቱ ሳጥን ብቻ መጠቀምን ግን ለማንም አልመክርም።

የቁልፍ ሰሌዳው 66 ቁልፎች ሁሉ ይሠራሉ፣ ጥቂቶቹ ሲጫኗቸው ይጠነክራሉ። ከፈታችሁ በኋላ በአልኮል የካርቦን ንጣፎቹን መጥረግ ይበቃል፤ የሽፍት መቆለፊያው ሁለት ሽቦዎች በብየዳ የተያዙ ስለሆኑ ሳትፈቱ ሰሌዳውን አትሳቡት። የፕላስቲክ ሽፋኑ ቢጫ መሆን አያሳስበኝም፤ በፔሮክሳይድ የሚያነጡት አሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ተመልሶ የሚቢጭበትም አለ።

አንድ ማሽን ለመግዛት ካሰባችሁ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ምልክቱን ይመለከታል፦ በ50 ኸርዝ የሚሠራው ፓል ነው ወይስ በ60 ኸርዝ የሚሠራው ኤንቲኤስሲ? በአውሮፓ የተጻፉ ጨዋታዎች በ60 ኸርዙ ላይ ሙዚቃቸው ይፈጥናል፣ አንዳንዶቹም ይሰናከላሉ። ሁለተኛው፣ ሁለቱም የጆይስቲክ መሰኪያዎች ይሠራሉ ወይ? ሁለቱንም ሰክታችሁ ሞክሩ። አንደኛው መሰኪያ ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር መስመር ስለሚጋራ ጆይስቲኩን ስታንቀሳቅሱ ስክሪኑ ላይ ፊደል ቢጻፍ አትደንግጡ፤ ብልሽት አይደለም። አብዛኞቹ ጨዋታዎች የሚጠብቋችሁም በሁለተኛው ላይ ነው።