«ሙሉ ዕቃ ከነስልጠናው» ለተባለው የካርቪንግ ስኖውቦርድ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ወደ ካናዳ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኦስትሪያ ወይም ኖርዌይ ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቧት። በቴሌግራም የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። ስኖውቦርድ ማለት ሁለቱም እግር ታስሮበት በረዶ ላይ የሚነዳ ሰሌዳ ነው። ማስታወቂያው ሃርድ ቡት (ደረቅ የፕላስቲክ ቡት)፣ ባይንዲንግ (ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚያስረው መያዣ) እና ቦርዱን አንድ ላይ አድርጎ «ከውጭ የመጣ፣ ኦሪጅናል፣ ስሜን ተራራ ላይ ስልጠና ይጨምራል» ይላል። ዕቃውን ማየት የሚቻለው ግማሹ ዋጋ በቴሌብር ከገባ በኋላ ነው። ደረሰኝ የለውም። «ለምን አላይም?» ሲባል መልሱ «ፈላጊው ብዙ ነው፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ነው። የሻጩን ስም አንጠራም። የቴሌግራም ስም በአንድ ሌሊት ይቀየራል፤ ያው ቡት ደግሞ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። የሚጠቅማችሁ ዕቃውን መመርመር ማወቅ ነው።

ስልጠናው ብዙ ስለማያስወራ ከእሱ እንጀምር። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንድ ሌሊት በረዶ ይጥልበታል፣ ጠዋት ነጭ ለብሶ ይታያል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ውሸት ላይሆን ይችላል። ካርቪንግ (በቦርዱ ጠርዝ ብቻ መታጠፍ) የሚለመደው ግን በማሽን ተደልድሎ በተጠቀጠቀ፣ ሌሊት ውርጭ ባጠነከረውና ከሥሩ ድንጋይ በማያወጣ ወፍራም በረዶ ላይ ነው። ስሜን ላይ የሚጥለው ድንጋዩንና ጓሳውን ሸፈን አድርጎ ፀሐይ ሲበረታ ውኃ ይሆናል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥታችሁ የምታገኙት ይህንን ነው። «በሣር ላይ እናለማምዳለን» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የብረት ጠርዝ ሣርና አፈር ላይ ሲተከል አይንሸራተትም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱም እግር ታስሮ ቦርዱ ድንገት ሲቆም የሚሸከመው የቅልጥም አጥንት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቡቱ። ካርቪንግ ማለት ቦርዱ ወደ ጎን ሳይንሸራተት በጎን ጠርዙ ቅስት ብቻ ሲታጠፍ ነው። በረዶው ላይ የሚቀረው ምልክት አንድ ቀጭን መስመር ነው። ሃርድ ቡት የተፈለገው የቅልጥምና የጉልበት እንቅስቃሴ ሳይባክን ቀጥታ ወደ ጠርዙ እንዲደርስ ነው። ስለዚህ ቡቱ ከሰፋ ወይም ፕላስቲኩ ከደከመ ቦርዱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ከጠቅላላው ገንዘብ አብዛኛው ለቡት መውጣት አለበት። እነዚህ ሰዎች ግን ተቃራኒውን ነው የሚሸጡት፦ የሚያብረቀርቅ ቦርድ ከሞተ ቡት ጋር።

ለምን ሞተ እንላለን? የብዙ ቡቶች ሼል (የውጭ ቅርፊት) ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፖሊዩሪቴን ባይለበስም ያረጃል፤ እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል፣ ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም መደብር በር ላይ ተሰቅሎ የከረመ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ክፉነቱ በሞቃት ቦታ ሲነካ ደህና መምሰሉ ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን በዘለበቱ ጥብቂያ ብቻ እንደ ድርቆሽ ይሰበራል። ከ10 ዓመት ያለፈ ቡት «አንድ ቀን እንኳ አልተደረገም» ቢባልም ተጠራጠሩት።

ዕድሜውን እንዴት ታውቃላችሁ? ላይነሩን (የውስጡን ለስላሳ ጫማ) አውጡና የሼሉን ውስጠኛ ወለልና ሶሉን በስልክ መብራት ፈትሹ። ብዙ ቡቶች ላይ በቅርጹ አብሮ የታተመ ትንሽ ክብ አለ፤ ዙሪያው የወር ቁጥሮች፣ መሀሉ ላይ ዓመቱና ቀስት። ቀስቱ የጠቆመው ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ወር ነው። የምርት ስሙም ይናገራል። ላዩ ላይ ራይክለ የሚል የስኖውቦርድ ቡት ዛሬ ከ20 ዓመት አያንስም፤ ያ መስመር ዲላክስ ወደሚባለው ስም ከተዛወረ ቆይቷል። በርተን የሚባለው ኩባንያም ሃርድ ቡት መሥራት ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ገንዘብ አታውጡ።

ከዚያ ስንጥቅ ፈልጉ። የዘለበቶቹ ሪቬት የተመታበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለቱ ክፍሎች የሚጋጠሙበት፣ እንዲሁም ባይንዲንጉ የሚይዘው የፊትና የኋላ ከንፈር። ፀጉር የሚያህል መስመር ወይም ነጣ ያለ ቦታ ካያችሁ በቃ፣ ተዉት። ጥቁር ቡት በሊስትሮ ቀለም ተወልውሎ ከመጣ በእርጥብ ጨርቅ እሹት፤ ቀለሙ ሲለቅ ስንጥቁ ይወጣል። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ነገር ካለ ድርድሩን እዚያው አቁሙ።

ሶሉን ለኩ። የደረጃው መጠን ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር፣ የተረከዙ 30 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ይፈቀዳል። አስፋልት ላይ ተሂዶበት ያለቀ ሶል ባይንዲንጉ ውስጥ ይላላል። ከዚህ የባሰው ጫማ ሰፊ ዘንድ ተወስዶ ጎማ የተለጠፈበት ነው። ጎማው ለአይን ያምራል፣ ሲረገጥ ግን ይታመቃል፤ የተቆለፈ የመሰላችሁ ሊቨር (የባይንዲንጉ መቆለፊያ) ቦርዱ ሲርገበገብ ይከፈታል።

ቁጥሩ ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። የዚህ ቡት መለኪያ በሴንቲ ሜትር የእግር ርዝመት ነው፤ 42 የሚያደርግ ሰው 26.5 ወይም 27 አካባቢ ይሆናል። 27 እና 27.5 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሼል ናቸው፣ ልዩነቱ ላይነሩ ነው። «ትንሽ ሰፋ ቢል በወፍራም ካልሲ ይሞላል» የሚል ሻጭ ካርቪንግ አያውቅም። ላይነሩን አውጡ፣ ባዶ ሼሉ ውስጥ ቁሙ፣ ጣቶቻችሁ ፊቱን እስኪነኩ ድረስ ወደ ፊት ግፉ፣ ከተረከዛችሁ ጀርባ ያለውን ክፍተት እዩ። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። 25 ከደረሰ ያ ቡት የእናንተ አይደለም፤ ተረከዝ በተነሳ ቁጥር ጠርዙ ይለቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ሃርድ ቡት ተብሎ የሚቀርበው ያገለገለ የስኪ (በየእግሩ አንድ ቀጭን ሰሌዳ የሚደረግበት የበረዶ ስፖርት) ቡት ነው። የስኪ ቡት ሶሉ ረዝሞ ይወጣል፣ ወደ ፊት መተጣጠፉም ደረቅ ነው። የስኖውቦርዱ ተረከዙ ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ከጀርባውም የዘንበልታ ማስተካከያ አለው። በስኪ ቡት የሚነዱ ሰዎች አሉ፣ ግን ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቁ ናቸው። ጀማሪ ላይ ረጅሙ ሶል ከቦርዱ ጠርዝ አልፎ ይወጣል፤ ቦርዱ ሲያዘነብል በረዶውን የሚነካው ቡቱ ይሆንና ጠርዙን አንሥቶ ያወጣዋል። ያን ጊዜ መውደቁ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

ባይንዲንጉ ላይ ሻጩ «ስትወድቅ ራሱ ይፈታል» ይላል። የስኪው ይፈታል፤ የሃርድ ቡት ስኖውቦርድ ባይንዲንግ ግን ከጥቂቶች በቀር እንዳይፈታ ሆኖ ነው የተሠራው። አንድ እግር ብቻ ቢፈታ ቦርዱ በሌላኛው እግር ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበቱን ይጠመዝዘዋልና። የተሰበረ ቡትና የላላ ሶል ላይ ይህን ያህል የምንጮኸው ለዚህ ነው። መያዣው ወፍራም የብረት ሽቦ ነው። ሽቦው ላይ የብየዳ እብጠት ካያችሁ አትቀበሉ፤ ብየዳ ቤት የገባ ሽቦ በእሳቱ ጥንካሬውን አጥቷል፣ የሚሰበረውም ከብየዳው አጠገብ ነው። በተጨማሪ ኢንቴክ የሚባለው፣ ከቡቱ ተረከዝ የብረት ፒን ወጥቶ የሚገባበት ዓይነት አለ። እሱን ባይንዲንግ ተራ ተረከዝ ካለው ቡት ጋር አንድ ላይ አድርገው ሲሸጡ ታይቷል። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

ብሎኖቹን አስፈቱ። መሆን ያለባቸው ኤም 6 (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት) ናቸው፣ ርዝመታቸው እንደ ባይንዲንጉ ውፍረት ይለያያል። ከባጃጅ መለዋወጫ ቤት የተገዛ ረዘም ያለ ብሎን ከገባበት ቦርዱን ገልብጡና በመዳፋችሁ ዳሱት፤ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ከሥር ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይነካችኋል። ያ ቦርድ ተበላሽቷል። አጭር ከሆነ ደግሞ አምስት ስድስት ዙር ሳይገባ ያልቃል፣ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ አራት አራት ሆነው በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት መደርደራቸውን እዩ፤ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ከሆነ የድሮ የበርተን አሠራር ነው፣ የዛሬ ባይንዲንግ ያለ ልዩ ዲስክ (ክብ ማገጣጠሚያ) አይገጥምለትም።

ቦርዱ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ቪዲዮ የፓራለል ጃይንት ስላሎም (ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየታጠፈ የሚሽቀዳደምበት) ውድድር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ላይ የቼኳ ኤስተር ሌዴትስካ ያሸነፈችበት ዓይነት። (በዚያው ኦሎምፒክ «ሱፐር ጂ» በሚባለው የስኪ ውድድርም ወርቅ ወስዳለች፤ እሷን አይቶ ዕቃ መግዛት ግን ሌላ ነው።) የሚሸጡትም የዚያን ውድድር ያረጀ ቦርድ ነው፦ ርዝመቱ 185 ሴንቲ ሜትር፣ ወገቡ (መሀሉ ላይ ያለው ስፋት) 18፣ የጠርዙ ቅስት ሬዲየስ ወደ 20 ሜትር። እንዲህ ያለው ቦርድ እንዲታጠፍ ከፍተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በቀስታ ሲነዱት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለጀማሪ ከ158 እስከ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ሬዲየስ ከ9 እስከ 12 ሜትር፣ ወገብ ከ19.5 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይበቃል። ለዝላይ የሚሆነው የፍሪስታይል ቦርድ ወገቡ 25 ገደማ ስለሆነ ሃርድ ቡት ቢጫንበትም ጠርዙ ከእግር ይርቃል።

ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና መሀሉ ከፍ ማለቱን እዩ። ሙሉ በሙሉ ከተኛ ጉልበቱ አልቋል። በሁለቱ ባይንዲንግ መካከል ላዩ ላይ አግድም የተሸበሸበ መስመር ካለ ተጣጥፏል ማለት ነው። «ጠርዙ ተስሏል» ካሏችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። ቢላ በሚሳልበት ሞተር የተሳለ ጠርዝ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ይይዛል፤ ተቃጥሏል፣ ከእንግዲህ ስለት አይይዝም። ትክክለኛው በእጅ ሞረድ፣ በመሪ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚሳለው።

አሠልጣኝ ነኝ የሚለውን ሰው ለመፈተን ደግሞ እንዴት እንደሚለመድ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው የሚነግራችሁ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ባይንዲንጉ በስንት ዲግሪ እንደሚታሰር ይናገራል፦ የፊት እግር ከ50 እስከ 60፣ የኋላው ከሱ 3 ወይም 5 ዲግሪ ያነሰ፣ ሁለቱም ቡት ከጠርዝ እንዳይወጣ ተደርጎ። የፊት እግር ጣቱ በኩል፣ የኋላው ተረከዙ በኩል ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያ ሰፊና ዘና ያለ ቁልቁለት ላይ፣ ጠዋት በተደለደለ በረዶ፣ ተዳፋቱን አቋርጦ በአንድ ጠርዝ መሄድ። ዞር ብሎ ምልክቱን ማየት፤ የመዳፍ ስፋት ካለው ተንሸራቷል፣ ክር የሚያህል ከሆነ ተሳክቷል። ቀጥሎ ቦርዱን ወደ ታች አቅንቶ ወደ ጠርዝ ማዘንበልና መጠበቅ፤ ቦርዱ ራሱ ታጥፎ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪቆም። በትከሻ ወይም በኋላ እግር ከተገፋ ይንሸራተታል። ክብደቱ መታጠፊያው ሲጀመር ወደ ፊት፣ መሀል ላይ እኩል፣ ሲያልቅ በትንሹ ወደ ኋላ ነው።

በጣት በኩል ሲሆን ጉልበትና ዳሌ ወደ በረዶው ይገፋሉ፤ ወገብን አጥፎ በእጅ በረዶ ለመንካት መዘርጋት ጠርዙን ያስለቅቃል፣ ለፎቶ ብቻ ነው የሚያምረው። በተረከዝ በኩል ደግሞ ደረትና ዳሌ ወደ ቦርዱ አፍንጫ ይዞራሉ። ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው መቀመጫን ወደ ኋላ ማውጣት ቦርዱን ያንቀጠቅጠዋል። ከሁሉ በላይ፣ ከመታጠፍ በፊት ወደ ዳገቱ ማየት። በካርቪንግ የሚሄድ ሰው መንገዱን ከዳር እዳር ስለሚያቋርጥ ከኋላ የሚመጣው ወዴት እንደሚታጠፍ አይገምትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከዚህ ተሸክሞ መሄድ አይሻልም። ዕቃው አንድ ላይ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ የቦርዱ ቦርሳ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅዱት የ158 ሴንቲ ሜትር ድምር ያልፋል፣ ተጨማሪ ክፍያም ሊመጣ ይችላል። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ በኪራይ ለስላሳ ቡት ሁለቱንም ወገን መታጠፍ ልመዱ። ሃርድ ቡት የሚያከራይ እምብዛም ስለሌለ ቡቱን እግራችሁ ተለክቶ ግዙ፤ ቦርድና ባይንዲንግ ግን የክረምታቸው ማብቂያ ላይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ፣ ያገለገለውን ቢገዙት ይረክሳል። ዘመድ ለጥምቀት ሲመጣ «ይዘህልኝ ና» ማለትም አይረባም፤ ቡት ያለ እግሩ ባለቤት አይገዛም።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ከሰውየው ጋር ከመጣላታችሁ በፊት የጽሑፍ ልውውጡን በሙሉ ስክሪንሾት አንሡ፣ የቴሌብር የግብይት ቁጥሩንም ያዙ። ሰውየው ብሎክ አድርጓችሁ ቻቱን ካጠፋው ለንግድ መምሪያም ሆነ ለፖሊስ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን በቀን ብርሃን፣ ላይነሩ ወጥቶ፣ ባይንዲንጉ ተፈትቶ እንድታዩ ጠይቁ። እምቢ ካለ በቀብዱ ይብቃችሁ። ዕቃው እጃችሁ ገብቶ ሼሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ዘለበቶቹን፣ ብሎኖቹንና ላይነሩን ፈታታችሁ አስቀምጡ፣ ለመለዋወጫ ይሆናሉ። ሼሉን ግን ቅዳሜ ገበያ ወስዳችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሸጡት፤ በመጋዝ ለሁለት ቁረጡት።