ሬዲዮው 90 ላይ ይቆማል

መኪናዋን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ነዳጅ ላይ ቆጣቢ ናት፣ ፍሬኗም ጥሩ ነው። ጉዴ ያለው ሬዲዮዋ ላይ ነው።

የ2008 ሞዴል ናት፤ ጃፓን ስትነዳ ኖራ የመጣች። ደላላው ሬዲዮውን ከፍቶ «ያልተነካ ነው፣ የፋብሪካ!» አለኝ። ሲዲም አሰማኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ሞኙ፣ ኤፍኤሙን ክፈትልኝ ማለት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ባሕር ዳር እንደገባሁ 96.9ን ፈለግኩ። ቁጥሩ 89.9፣ 90.0 ይልና ተመልሶ 76.0። ደግሜ ጫንኩ። 76.0! አንቴናው ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። ለካ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቦታ የአናሎግ ቴሌቪዥን ይዞት ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲነሳ እስከ 95 አሰፉት። ስለዚህ ደላላው «አዲስ ሞዴል ብትገዛ ኖሮ» እንዳይለኝ። 95ም እኮ 96.9 አይደርስም፣ ወንድሜ!

ለወራት በኤኤም ኖርኩ። እውነት ለመናገር ማታ ማታ ወደድኩት። ሐይቁ ዳር አቁሜ ሞተር ሳጠፋ የማላውቀው ቋንቋ ሁሉ ይገባል፤ ኤኤም ሲመሽ ሩቅ ይሄዳላ። ሞተር ሳስነሳ ግን ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ንብ የገባበት ቀፎ ይሆናል።

በመጨረሻ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን «ኮንቨርተር ይፈልጋል ጋሼ» አለኝ። የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ቀስ ብሎ ላቀቀ፣ በአስር ቁልፍ ብሎኖቹን ፈታ፣ ሬዲዮውን ጎትቶ አወጣው። ከኋላው የአንቴናውን ገመድ ነቀለና የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን መሃል አስገባ። ቀዩን ሽቦ ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ ጋር አሰረው።

«84.9 ላይ ያድርጉት።»

«96.9 አይደል እንዴ?»

«12 ይቀንሱ ጋሼ።»

መጣ! ያውም ያለ ምንም ሹክሹክታ። ሳጥኗ የጣቢያውን ሞገድ 12 ሜጋ ኸርዝ ዝቅ አድርጋ ለሬዲዮው ታቀብለዋለች። ችግሩ፣ ከ102 በላይ ያለ ጣቢያ አሁንም ከ90 ስለሚያልፍ አይያዝም። ደግሞ ኤኤሙ ደከመ። ያቺን የማታ ወሬ አጣኋት፣ እሷ ነች የምትቆጨኝ።

«ለምን ስክሪን አታስገባም?» የሚሉኝ አሉ። አላስገባም። የድምፁን ማዞሪያ ሳላይ በእጄ አገኘዋለሁ። ኮረኮንች ላይ እየዘለልኩ መስታወት በጣት ስነካካ አይታየኝም። ስፒከሮቹም ገና አልተቀደዱም። ደላላውን ግን ባገኘው አሁንም አልምረውም።

ባለፈው እሑድ አማቼን ከጊዮርጊስ ወደ ቤት ሳደርሳቸው ዝም ብለው ቁጥሩን ሲያዩ ቆዩ። የአባይን ድልድይ ስንሻገር መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ይሄ 84.9 የሚሉት ጣቢያ መቼ ተከፈተ?»