ሶማሌ ተራ የነዳጅ ፓምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ሌላ ሰው ሳይሸወድ ግን ልጻፈው።

ግቢዬ ውስጥ የቶዮታ ዲኤክስ መኪናዬን ሞተር እየቀየርኩ ነው። ባለ ካርቡሬተሩን 2ኢ ሞተር አውርጄ፣ ቤንዚን በግፊት የሚረጨውን ባለ ኢንጀክሽን 4ኢ-ኤፍኢ ሞተር አስገብቻለሁ። ሥራውን የሞከረ ያውቀዋል፤ የድሮው ፓምፕ የሚገፋው ሩብ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ኢንጀክሽን ግን 3 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ይህንኑ ለሻጩ አንድ በአንድ ነገርኩት። "3 ባር፣ ኦሪጅናል የጃፓን" ብሎ የተለጠፈበትን ወረቀት አሳየኝ። 6,500 ብር ከፈልኩ። የቤንዚን ቱቦውንም እዚያው ቆርጦ ሰጠኝ።

ቤት ገጥሜ ግፊቱን ስለካው ግማሽ ባር እንኳ አልሞላም። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ባትሪው፣ ሪሌው፣ ፊልትሮው ሁሉም ደህና ነው።

ፓምፑን ይዤ ተመለስኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ቤት ውስጥ ስትነካካው አበላሽተኸው ነው፤ መካኒክ ይዘህ ና" አለኝ። እየተከራከርን ሳለ አንድ የታክሲ ሹፌር ገባና ለካርቡሬተር የሚሆን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ጠየቀ። ሠራተኛው ልጅ የኔን ካወጣበት መደርደሪያ አንዱን አወረደለት። ራሱ ነው! ቅርጹም፣ ሽቦውም ያው። እሱ ላይ ወረቀት አልተለጠፈም፤ ቆርቆሮው ላይ የተመታው ቁጥር በግልጽ ይነበባል። የኔን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ያው ቁጥር! ሰውዬው እያየኝ ነው። ትንሽ እንኳ አላፈረም። "ታዲያ ምን ይጠበስ? የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለና ወደ ልጁ ዞሮ "ሸኘው" አለው። ገንዘቤን በልቶ፣ ሸኘው!

የባሰው ደግሞ ቱቦው ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ተራ ጎማ ነው። ፓምፑ እውነት 3 ባር ቢሆን ኖሮ ያ ቱቦ ፈንድቶ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ቤንዚን ሊረጭ ይችል ነበር። ግቢው ውስጥ ልጆቼ ይጫወታሉ። ብሩ ይቅር፤ ይህን ግን ይቅር አልለውም።

የተለጠፈ ወረቀት አትመኑ፤ የተመታውን ቁጥር አጣሩ። ደረሰኙ ላይ "ለኢንጀክሽን፣ 3 ባር" ብለው ካልጻፉላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ቱቦው ላይ 30አር9 (30R9) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ ቱቦ ምልክት ነው። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ጽሑፍ የሌለው ቱቦ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ቀይሩት።