ካርታ ያለው ኮንዶሚኒየም ወይስ ገና የሚገነባ አፓርታማ? መሃል አዲስ አበባ ቤት ለሚገዛ

«ልደታ ወይ ባሻ ወልዴ ችሎት ኮንዶሚኒየም ልግዛ ወይስ ካዛንቺስ ገና መሠረቱ የወጣ ሪል እስቴት ልዋዋል?» የሚለው ጥያቄ አይቋረጥም። ኪራይ እየከፈለ ለሚኖር ሰው መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ካርታ ያለው ኮንዶሚኒየም ይሻላል።

ከዋጋው እንጀምር። ሪል እስቴት ውል ላይ የሚጻፈው ካሬ ብዙ ጊዜ የኮሪደሩን፣ የደረጃውንና የሊፍቱን ድርሻ ይጨምራል። ለስሌት ያህል 100 ካሬ በካሬ 150,000 ብር ቢዋዋሉ 15 ሚሊዮን ነው። 22 ካሬው የጋራ ከሆነ የሚገቡበት ቤት 78 ካሬ፣ እውነተኛው ዋጋም በካሬ 192,300 ብር ገደማ ይሆናል። ርክክቡ 3 ዓመት ቢፈጅና በወር 30,000 ብር ኪራይ ቢከፍሉ ሌላ 1,080,000 ብር ይደመራል። የወጥ ቤት ካቢኔት፣ የውስጥ በርና ሴራሚክ ያካትት እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹን ያንብቡ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሊፍት፣ የኬብልና የአልሙኒየም ዋጋ ስለናረ፣ ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ገዢው ላይ የሚጥል ውል አይፈረምም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ሜትር ይዘው ገብተው ከግድግዳ ግድግዳ ለክተው ይገዛሉ። ከሽያጩ ሌላ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ደላላም ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ይጠይቃል። የስም ማዛወሪያውን ወጪና የሻጩን ግብር ማን እንደሚሸፍን ቀብድ ሳይከፈል ይለይ።

ገንዘብ የሚበላው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የካርታ ፎቶ ኮፒ ምንም አያረጋግጥም፤ ፎርጅዱም ማኅተሙ ያማረ ነው። ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ሄደው ፋይሉ ውስጥ ዕዳና እግድ አለመኖሩን ያጣሩ። ያላለቀ የባንክ ብድር ካለ ቀሪው ከሽያጩ ገንዘብ በቀጥታ ለባንኩ ይከፈል። ያገባ ሻጭ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለበት፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ አለመሻሩንም ሰነዱን ያረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ቀብድ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ውል ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሲያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

የኮንዶሚኒየም ትልቁ በሽታ ውሃ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የስልክ መብራት ያብሩ። ቢጫ ክብ ካለ፣ ወይም አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ከላይ ካለው ቤት ሳይፈስ አይቀርም። ከታች ሲሚንቶ መለሰንና መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውሃው መንገዱን ቀይሮ በሌላ ጥግ ይወጣል። መፍትሔው ላይኛው ቤት ሴራሚኩን አንስቶ የፍሳሽ መገጣጠሚያውን መቀየር፣ ውሃ መከላከያ መቀባት፣ ከዚያም ፍሳሹን ደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሮ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ለዚህ የላይኛው ጎረቤት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ከመግዛትዎ በፊት በሩን ያንኳኩ።

ቧንቧው የድሮ ብረት ከሆነ ውስጡ በዝገት ጠቦ ይሆናልና ሁሉንም ቧንቧ በአንዴ ከፍተው ግፊቱን ይዩ። ሲቀይሩ ለሙቅ ውሃ ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የግፊት ደረጃው ፒኤን 20 የሆነውን ይግዙ፤ የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳው 3.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ገበያ ላይ ፒኤን 20 የተጻፈበት ግን ግድግዳው ቀጭን የሆነ ቧንቧ አለ፤ ከማሞቂያው ጋር ሲያያዝ ይለሰልስና መገጣጠሚያው ላይ ያፈስሳል። መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የሚገዙት አራተኛ ፎቅ ከሆነ የሮቶና የፓምፕ ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ሪል እስቴት ሊፍትና መኪና ማቆሚያ አለው፤ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ቢሆን ሕንፃው አልቆ፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እንደ ጋራ ሕንፃ ተመዝግቦ፣ ለየቤቱ ካርታና የራሱ የመብራት ቆጣሪ ከወጣለት ብቻ ይግዙ። ካርታው በአልሚው (ሕንፃውን ሠርቶ በሚሸጠው ድርጅት) ስም አንድ ብቻ ከሆነና ለባንክ ካስያዘው፣ የእርስዎ ክፍያ ቢጠናቀቅም ስም ማዛወሩ የአልሚው ዕዳ እስኪከፈል ይጠብቃል።